የፕሬድኒሶሎን ሰዓት

ደባርቅ ላይ መድኃኒት ቤት የያዘ ሰው ክረምቱን በሙሉ የሚሰማው ሁለት ድምፅ ነው፤ ዝናብና ሳል። የሊማሊሞ ብርድና ጎጆ ውስጥ የታፈነ የኩበት ጭስ አስም ያለበትን ሰው አያስተኙትም። በሰው ተደግፎ የመጣ ገበሬ በሦስተኛው ቀን በገዛ እግሩ ሲመላለስ ካየሁ ወዲህ ፕሬድኒሶሎንን እወደዋለሁ። ዋጋው ርካሽ፣ መጠኑ ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ ባለ 5 ሚሊግራም ክኒን ነው።

ስቴሮይድ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩት የኮርቲዞል ዘመድ ስለሆነ የተቆጣ አካልን ያበርዳል። እነ አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች በ1948 እ.ኤ.አ. ማዮ ክሊኒክ ውስጥ የፕሬድኒሶሎንን ወንድም ኮርቲዞንን ለመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ሰጥተው ጉድ አሰኙ፤ በ1950 ኖቤል አገኙበት። ለቁርጥማት የሚሸጠው ዲክሎፌናክ ግን ሌላ ዘር ነው። የሚጎዳው ጨጓራንና ኩላሊትን ነው እንጂ እንደ ፕሬድኒሶሎን ስኳር አያስነሣም። ሁለቱን «የቁርጥማት ክኒን» ብላችሁ ስትጠሩብኝ እናደዳለሁ።

ፕሬድኒሶሎን ስኳር ያስነሣል መባሉ እውነት ነው፤ ጉበት ስኳር እንዲለቅ ይገፋል፣ ኢንሱሊንንም ያደነዝዛል። በስንት ሰዓት? ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

አንድ ቀን ከዳባት ወገን አንዲት እናት መጡ። ለአስማቸው ጠዋት ጠዋት ስድስት ክኒን ታዞላቸዋል። «ውኃ አይበቃኝም፤ ሌሊቱን ደጅ ስወጣ ስገባ ነው የማድረው» አሉኝ።

«እማማ፣ ስኳር ተመርምረዋል?»

«ሁለት ጊዜ! በባዶ ሆዴ። ደህና ነሽ ብለውኛል፣ ልጄ።»

ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ወረቀቱን አሳዩኝ፤ 98 ይላል። እውነት ነው፣ ስሕተት የለበትም። ጊዜው ከቀኑ 10 ሰዓት ነበርና ጣታቸውን ወጋ አድርጌ ለካሁ፤ 287። በዚያው ወደ ሆስፒታል ሰደድኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት የተዋጠ ፕሬድኒሶሎን ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ከቀትር በኋላና ወደ ማታ ነው። ሌሊት ኃይሉ ይደክማል፤ ሲነጋ ስኳሩ ወርዶ ይገኛል። እኛ ደግሞ «ምንም ሳይቀምሱ ይምጡ» ብለን ልክ በተኛበት ሰዓት እንፈልገዋለን! ጠዋት ብቻ የሚውጥ ሰው ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ ወይም ከእራት በፊት ይለካ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድማ ይበልጥ ይጠንቀቅ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ጠዋት ውጦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የመጀመሪያ ጉርሻው የክኒኑ ጉልበት ላይ ይወድቃል። ክኒኑን ወደ ማታ የሚገፋ አለ፤ እሱ እንቅልፉን ያጣል። ከሐኪምም ከነፍስ አባትም አስቀድሞ መመካከር ነው።

አጥንትስ? እስኪሰበር ድረስ ድምፁን አያሰማም። ክኒኑ አጥንት የሚገነቡትን ሕዋሳት ያደክማል፣ አንጀትም ካልሲየም እንዳይቀበል ያደርጋል። አጥንት በብዛት የሚሳሳው በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ነው። ስለዚህ ለወራት የሚወስድ ሰው ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለሳምንታት የወሰደም «ተሻለኝ» ብሎ በአንዴ አያቋርጥ፤ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ረስተዋልና ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ልጇን ለማወፈር ሌላውን ስቴሮይድ፣ ዴክሳሜታዞንን፣ ስጠኝ ላለችኝ እናትም መልሴ «አይሆንም» ነው፤ ያ የሞላ ጉንጭ ጤና አይደለም።

እኒያ የዳባት እናት ፊደል አይለዩም። ስለዚህ የክኒናቸው ፖስታ ላይ ሁለት ፀሐይ ሣልሁላቸው፤ አንዷ ስትወጣ ክኒን፣ ሌላዋ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ መለኪያ። አገላብጠው አዩትና፦

«ክረምት ሲገባስ ልጄ? ፀሐይዋ እኮ አትታይም።»