በላስ ቬጋስ በረሃ ንጣፍ የሚያሰምጠው ውሃ ነው

አዲስ አበባ ላይ ቤት ለመግዛት የሚሄድ ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፤ ግድግዳውን ዳብሶ ስንጥቅ ይፈልጋል፤ ካርታውንና ፕላኑን ያገላብጣል። በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ ላስ ቬጋስ ላይ ግን ነገሩ የገባው ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ወደ እግሩ ሥር ነው። የመኪና መግቢያው ከጋራዡ ወለል ዝቅ ብሏል ወይ? የጓሮው በረንዳ ወደ ግድግዳው አጋድሏል ወይ? ከበሩ እስከ መንገዱ የተዘረጋው ንጣፍ አንዱ ካንዱ ተበላልጧል ወይ? መልሱ «አዎን» ከሆነ የዋጋ ድርድሩ እዚያው ይጀመራል።

ጉዳዩ ለዚህ ገጽ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ላስ ቬጋስ በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ስትሆን ክላርክ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 የአገራችን ሰዎች ንግድ የበዛበትን አንድ አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሟል። ቤት የገዛ ሰው ትልቁ ካፒታሉ፣ እዚያም ይሁን እዚህ፣ ያው ቤቱ ነው። ታዲያ ይህ ካፒታል ዙሪያውን ሲሰምጥ ባለቤቱ ምን ማድረግ አለበት? ገንዘቡንስ የት ላይ ቢያፈስ ይሻለዋል?

በመጀመሪያ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ላስ ቬጋስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ100 ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። አዲስ አበባ ከዚህ አሥር እጥፍ በላይ ታገኛለች። እንዲህ ባለ ደረቅ ቦታ ኮንክሪት የሚያሰምጠው ውሃ ነው ቢባል ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ምስጢሩ ያለው በድርቀቱ ላይ ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው በተራሮች መካከል ባለ ሸለቆ ሲሆን ብዙው አፈር ጎርፍ ከተራራ እየጠረገ አምጥቶ ያከማቸው ነው። ጎርፉ ቶሎ ስለሚደርቅ የአፈሩ ቅንጣቶች በደንብ ሳይጠጋጉ፣ በመካከላቸው ክፍተት ይዘው ይቀራሉ። አንዱን ቅንጣት ካንዱ ያያያዘውም ጥቂት ሸክላና እንደ ጂፕሰም ያለ ጨው ነው። አፈሩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ጠንካራ ነው፤ ቤትም ይሸከማል፣ መኪናም ያሳልፋል። ውሃ የገባበት ዕለት ግን ማያያዣው ይለሰልሳል ወይም ይሟሟል፤ ቅንጣቶቹም ወደየክፍተቱ ይገባሉ። ላዩ ላይ የተዘረጋው ኮንክሪት ያኔ አየር ላይ ቀረ ማለት ነው።

የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው ዋልካ አፈር ጠባዩ ሌላ ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በየዓመቱ ይመላለሳል። ይህኛው የበረሃ አፈር አንዴ ከተደረመሰ በኋላ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። እርግጥ በላስ ቬጋስ ሸለቆ ውስጥም የሚያብጥ ሸክላ ያለባቸው ሰፈሮች አሉ። እዚያ ደግሞ የሰመጠ የሚመስለው ንጣፍ በቦታው ሆኖ የተነሳው አጠገቡ ያለው ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለዩ የማንሻ መሣሪያ መጥራት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መግዛት ነው። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ግቢ የሚያስነጥፍ አንባቢም ቢሆን የራሱን መሬት ያስመርምር እንጂ የላስ ቬጋስን ምርመራ አይዋስ።

ሁለተኛው ምክንያት የጥድፊያው ነገር ነው። የክላርክ ካውንቲ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 741 ሺህ ነበር። በ2000 ወደ 1 ሚሊዮን 375 ሺህ ደረሰ፤ በ2020 ደግሞ 2 ሚሊዮን 265 ሺህ ሆነ። ይህን ሁሉ ሰው ለማስጠለል ሰፈሮች በአንድ ጊዜ ተገነቡ። የትም አገር ቢሆን በጥድፊያ ሥራ ቀድሞ የሚጎዳው የማይታየው ክፍል ነው። ለመሠረትና ለቧንቧ የተቆፈረው ቦይ መልሶ ሲሞላ ሙሌቱ በስሱ፣ በስሱ እየተነጠፈና በመጠኑ እየረጠበ መጠቅጠቅ አለበት። እንዲሁ ተገፍቶ ከተሞላ ግን ላዩ ላይ የተዘረጋው ንጣፍ ዕጣ ፈንታ የታወቀ ነው። ንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ግድግዳ ጥግ የሚሰምጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ውሃውስ ከየት ይመጣል? ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት በድንገት የሚወርድ ኃይለኛ ዝናብ አለ። 150 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,500 ሊትር ውሃ ነው፤ ከሰባት በርሜል በላይ ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለ፣ ወይም አሸንዳው ውሃውን በአንድ ጥግ ብቻ የሚጥል ከሆነ፣ ያ ሁሉ የሚወርደው ንጣፉ ጠርዝ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከዝናቡ ይልቅ ባለቤቱ ራሱ የሚያመጣው ውሃ ይብሳል። ከመሬት በታች የተሰነጠቀ የአትክልት ማጠጫ ቧንቧ፣ የሚያፈስ የመዋኛ ገንዳ፣ ከማቀዝቀዣው የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ግድግዳ ተጠግቶ የተተከለ አበባ ሁሉም ተጠያቂዎች ናቸው። ዝናብ አንድ ቀን ዘንቦ ያቆማል፤ የተሰነጠቀ ቧንቧ ግን ሌት ተቀን ይሠራል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከመልክ ጉዳይ የሚያልፈው። በቤቱ ዙሪያ ያለ ንጣፍ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ መዝቀጥ ይገባዋል። ሲሰምጥ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያጋድለው ወደ ቤቱ ነው። ያን ጊዜ የሚቀጥለው ዝናብ ወደ መሠረቱ ይሄዳል፤ መሠረቱ ያረፈውም በዚያው ውሃ በማይወድ አፈር ላይ ነው። በረንዳ ለማደስ የተሰሰተው ገንዘብ በኋላ መሠረት ለመደገፍ ይወጣል። ሁለቱ ሒሳቦች ደግሞ ፈጽሞ አይቀራረቡም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ለኮንክሪቱ ሳይሆን ለውሃው መሆን አለበት። ቧንቧው ይፈተሽ፤ አሸንዳው ውሃውን ከቤቱ አርቆ ይጣል፤ አትክልቱ ከግድግዳው ይራቅ። ይህን ሳያነሳ በቀጥታ ወደ ማንሳቱ የሚገባ ተቋራጭ ሥራውን ያውቅ ይሆናል፤ የደንበኛውን ኪስ ግን አላሰበም። ምክንያቱም ውሃው ካልቆመ የተነሳው ንጣፍ ተመልሶ ይሰምጣል፤ ባለቤቱም ሁለተኛ ይከፍላል።

ውሃው ከቆመ በኋላ ንጣፉን ለማንሳት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው አሜሪካ ውስጥ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የተለመደው ነው። ኮንክሪቱ ላይ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ይበሱና የስሚንቶ፣ የአሸዋና የአፈር ቀጭን ቡኮ በፓምፕ ይገፋበታል። ሁለተኛው ፖሊዩሪቴን ፎም ነው። ከምንተኛበት የፎም ፍራሽ ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ልዩነቱ ይህኛው ሲደርቅ ድርቅ ያለ ጠንካራ መሆኑ ነው። ሁለት ፈሳሾች ጫፍ ላይ ተቀላቅለው 16 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ቀዳዳ ይገባሉ፤ ከሥር አብጠው ንጣፉን ይገፉታል።

ልዩነታቸውን በኩንታል ብናሰላው ይቀላል። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ውፍረቱም 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ንጣፍ ብቻውን ወደ 29 ኩንታል ይመዝናል። አንድ ጠርዙ በቦታው ሆኖ ሌላው 5 ሴንቲ ሜትር ሰመጠ እንበል። ከሥሩ ያለው ክፍተት 0.3 ሜትር ኩብ ነው። በቡኮ ቢሞላ ክብደቱ ወደ 5 ኩንታል ይጠጋል፤ በፎም ቢሞላ ግን 15 ኪሎ ገደማ ነው። ቀድሞውኑ አልችል ብሎ በወረደ አፈር ላይ 5 ኩንታል መጨመርና 15 ኪሎ መጨመር አንድ አይደለም። ፎሙ በሩብ ሰዓት ገደማ አብዛኛውን ጥንካሬውን ሲያገኝ ቡኮው ግን መኪና እስኪያሳልፍ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስሚንቶው ያነሰበት ቡኮ ደግሞ ውሃ ካገኘው ቀስ በቀስ ሊታጠብ ይችላል።

ታዲያ ቡኮን ማን ይመርጣል? ዋጋውን የሚያይ ሰው ይመርጣል፤ በቡኮ ማንሳት በፎም ከማንሳት በአብዛኛው ይረክሳል። አፈሩ ወርዶ ላበቃና ብዙ ክፍተት ላለበት ሰፊ ንጣፍ ምርጫው ስህተት አይባልም። ፎሙም የራሱ እንከን አለው፤ ሠራተኛው ከልኩ በላይ ካነሳው መልሶ ማውረድ አስቸጋሪ ነው። በፎሙ ክብደት ልክ የሚከፈል ውል ከሆነም፣ ከሥር ያለውን ባዶ ማንም ስላላየው ሒሳቡ ሊለጠጥ ስለሚችል ከፍተኛው ክፍያ አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን።

ሦስት አራት ቦታ የተሰባበረ ንጣፍ ግን ማንሳት ትርፉ ድካም ነው። ይነሳና አዲስ ይሞላ። ያን ጊዜ የላስ ቬጋስ አፈር ሰልፌት የበዛበት መሆኑን ማስታወስ ያሻል፤ ስሚንቶው ሰልፌት የሚቋቋም፣ ውሃውም በልክ መሆን አለበት። በበጋው ሐሩር ደግሞ ሙሌቱ ጎህ ሳይቀድ ቢጀመር ይመረጣል።

የቤቱ የውስጥ ወለል ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ ከተማ ብዙ ቤቶች የተሠሩት በውስጡ የብረት ገመድ ተወጥሮ በተቀበረበት ወለል ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ጋራዡ ወለል ላይ እንዳይቆረጥና እንዳይበሳ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ታትሞ ይገኛል። የተወጠረን ገመድ በድሪል መንካት ለሠራተኛውም ለቤቱም አደጋ ነው። በረንዳ ሊያነሳ የመጣ ሰው «ውስጡንም አብሬ ልብሳልዎት» ቢል መሐንዲስ ሳያየው እሺ ማለት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ዘዴ አቅም በላይ የሆነም አለ። የላስ ቬጋስ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃው ለአሥርተ ዓመታት ከመጠን በላይ በመቀዳቱ አንዳንዱ ስፍራ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ወደ 1.8 ሜትር ዝቅ ብሏል። በሰሜን ላስ ቬጋስ የሚገኘው ዊንዘር ፓርክ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተገነባ በአብዛኛው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር፣ የዚሁ ሰለባ ነው። ቤቶቹ ተሰነጣጠቁ፣ ንብረቱም ዋጋ አጣ። የኔቫዳ ግዛት ነዋሪዎቹን ወደ ሌላ ስፍራ የሚያዛውር ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። መሬቱ በሰፈር ደረጃ ሲወርድ ከበረንዳ ሥር የሚገባ ፎም የሚፈይደው የለም። ስለዚህ ገዢ የሚገዛውን ቤት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹንም ንጣፍና አጥር ዞር ዞር ብሎ ቢያይ ይበጀዋል።

ደላሎችን የሚመለከተው የሕጉ ጎን ነው። በኔቫዳ የመኖሪያ ቤት ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት በተዘጋጀ ቅጽ ላይ አስፍሮ ለገዢው እንዲሰጥ ይገደዳል፤ የመሠረትና የመሬት መስመጥ ጉዳይ በቅጹ ውስጥ ይጠየቃል። የቤቱን ዋጋ ወይም አገልግሎት በእጅጉ የሚጎዳን ጉድለት እያወቀ የደበቀ ሻጭ ለማደሻ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ሦስት እጥፍ እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል። ለምሳሌ ማደሻው 4,000 ዶላር ከሆነ ዕዳው 12,000 ይሆናል፤ የፍርድ ቤትና የጠበቃ ወጪ ሳይቆጠር። ስንጥቁን በቀለም ሸፍኖ፣ የወረደውን ጠርዝ በአበባ ማሰሮ ከልሎ መሸጥ በዚህ ሒሳብ አያዋጣም።

በድርድሩ ላይ እንደሚታየው ያልታደሰ ንጣፍ ከማደሻው ዋጋ በላይ ያስቀንሳል። ገዢው የሚፈራው የበረንዳውን ወጪ ሳይሆን ከሥሩ አለ ብሎ የሚገምተውን ነው። ስለዚህ ሻጭ አሳድሶ ቢያቀርብ ይሻለዋል፤ የቧንቧ ፍተሻውን ውጤት፣ ከተቋራጮች ቦርድ ፈቃድ ካለው ተቋራጭ የተቀበለውን ደረሰኝና ዋስትና፣ ከመነሳቱ በፊትና በኋላ የተወሰደውን የውሃ ልክ ንባብ አብሮ ያስረክብ። ገዢው ደግሞ ትንሽ መዶሻና አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃዋል። ንጣፉን በመዶሻው መታ መታ ሲያደርገው እንደ ከበሮ የሚያስተጋባበት ቦታ ከሥሩ ባዶ ነው፤ ባልዲውን ሲደፋው ደግሞ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ያየዋል።