አራት ጎማ፣ ስምንት ሞተር

ስወርቭ ድራይቭ የሚባለው የሮቦት መንጃ አራቱም ጎማዎች በየራሳቸው ሞተር የሚሽከረከሩበት፣ በየራሳቸው ሌላ ሞተር ደግሞ አቅጣጫ የሚይዙበት ነው። በዚህ የተነሣ ሮቦቱ ፊቱን ሳያዞር ወደ ጎን ይሄዳል፤ በሰያፍ እየሮጠም በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። በቡሬ ከተማ ጎዳናዎች የሚመላለሰው ባጃጅ ይህን አይችልም። የሚገፉት ሁለቱ የኋላ ጎማዎች፣ አቅጣጫ የሚያስይዘው የፊቱ አንድ ጎማ ስለሆነ፣ አንድ ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ ለማለት እንኳ ወደፊትና ወደኋላ መመላለስ አለበት።

አሠራሩ በተማሪዎች ዘንድ የታወቀው ፈርስት የተባለው ድርጅት በሚያዘጋጀው የሮቦቲክስ ውድድር ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረተው አሜሪካዊው ፈልሳፊ ዲን ካሜን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ውድድር በ1992 ተካሄደ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አንዳንድ ቡድኖች ስወርቭን በየወርክሾፓቸው እየሠሩ መቅረብ ጀመሩ፤ ዛሬ ተሠርቶ የሚሸጥ ስላለ ብዙዎች ይገለገሉበታል። ካሜን በኋላ ባቋቋመው ፈርስት ግሎባል፣ ከ2017 ጀምሮ የአገሮች ቡድኖች በሚገናኙበት ውድድር፣ የኢትዮጵያ ተማሪዎችም ተሰልፈዋል።

በአራቱ ማዕዘኖች ከሚቀመጡት ሞጁሎች አንዱ ሲፈታ፣ ከላይ ሁለት ሞተሮች የታሰሩበት የአሉሚኒየም ዝርግ፣ ከሥሩ ጎማውን አቅፎ የሚዞር ሹካ፣ በመካከላቸው ደግሞ የሮቦቱን ክብደት የሚሸከም ሰፊ ኩሽኔታ ይገኛል። አንደኛው ሞተር ሹካውን ያዞራል። ሁለተኛው ኃይሉን በሹካው መዞሪያ መሐል ቀጥ ብሎ በሚወርድ ሻፍት ወደ ታች ይልካል፤ እዚያም፣ በመኪና ዲፈረንሻል ውስጥ እንዳሉት ኮሮናና ፒኞ፣ ሁለት ሾጣጣ ኢንግራናጆች ዙሩን በ90 ዲግሪ አጥፈው ለጎማው ያስረክባሉ። ዋናው ብልሃት የሻፍቱ በመሐል መውረድ ነው። ሹካው የፈለገውን ያህል ቢዞር ሽቦ አይጠመዘዝም፣ ሞተሮቹም ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም።

የፍጥነቱ ስሌት ከባድ አይደለም። በገበያ ከታወቁት ሞጁሎች በአንዱ ባለ14 ጥርሱ ኢንግራናጅ ባለ50ውን፣ ባለ27ቱ ባለ17ቱን፣ ባለ15ቱ ባለ45ቱን ይነዳል። ይህ ሲባዛ፣ ሞተሩ 6.75 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ዙር ይጨርሳል ማለት ነው። ሞተሩ ያለ ጭነት በደቂቃ 6,000 ዙር የሚዞር፣ የጎማው ዲያሜትር 10 ሴንቲሜትር ከሆነ፣ ሮቦቱ በሰከንድ ወደ 4.7 ሜትር ይደርሳል። ጭነት ሲኖር ይህ ይቀንሳል።

ፈተናው ያለው ከስሌቱ ይልቅ ብረቱ ላይ ነው። ኢንግራናጆች ተናበው እንዲሠሩ የመሐላቸው ርቀት ልክ መሆን አለበት። ርቀቱ የሁለቱ ጥርስ ብዛት ተደምሮ፣ በጥርሱ መለኪያ ተባዝቶ፣ ለሁለት ሲካፈል ይገኛል። መለኪያው 1 ሚሊሜትር ከሆነ፣ የባለ14 እና የባለ50 ጥርሶቹ ኢንግራናጆች መሐሎች በ32 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ ለመላወሻ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ይጨመራል። ከዚህ ካነሰ ጥርሶቹ ተፋጭተው ይሞቃሉ። ካለፈ ደግሞ ጥርሶቹ ይላወሳሉ፤ ሹካውን በሚያዞሩት ኢንግራናጆች ላይ ከሆነ ጎማው የታዘዘውን አንግል በትክክል አይዝም።

እንዲህ ያለ ልክ በእጅ ትራፓኖ አይገኝም፤ ፍሬዛ ያስፈልጋል። ቀዳዳው መጀመሪያ አነስ ተደርጎ ይበሳል፣ ከዚያ በቦሪንግ መሣሪያ በጥቂት በጥቂቱ እየተቆረጠ ይሰፋል። ሞርሳ ላይ የታሰረው ዝርግ ሁሉም ቀዳዳ ሳያልቅ መፈታት የለበትም፤ ተፈትቶ እንደገና ሲታሰር የመጀመሪያው ልክ ይጠፋል። አንድ ሻፍት የሚያልፍባቸው ሁለት ዝርጎች ከሆኑም ተደራርበው አብረው ቢበሱ ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ። ሻፍቱም በቶርኖ ሲሠራ፣ ኩሽኔታ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ሁሉ በአንድ አስተሳሰር ሊቆረጡ ይገባል።

6001 የሚባለው የተለመደ ኩሽኔታ የውጭ ዲያሜትሩ 28 ሚሊሜትር ነው። የሚገባበት ቀዳዳ ከ28 እስከ 28.021 ሚሊሜትር ባለው ክልል ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ከጠበበ መዶሻ ማንሣት ስሕተት ነው፤ ምቱ በኳሶቹ በኩል አልፎ የሚሄዱበትን መንገድ ይጎዳል። አሉሚኒየሙ ከክፍሉ ሙቀት በላይ በ80 ዲግሪ ቢሞቅ ቀዳዳው 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ኩሽኔታውም በጣት ግፊት ይገባል። ሲበርድ አጥብቆ ይይዘዋል።

ኢንግራናጆቹን ግን መግዛት ይሻላል። ቀጥ ያለ ጥርስ በፍሬዛና በመከፋፈያ መሣሪያ ሊወጣ ይችላል፤ የሾጣጣው ኢንግራናጅ ጥርስ ግን ልዩ ማሽን ይፈልጋል፣ ብረቱም ከተቆረጠ በኋላ በሙቀት መጠንከር አለበት።

የሮቦቱ ኮምፒውተር የሚሠራው የቬክተር ድምር ነው፤ መሠረቱ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አለ። ጎማዎቹ ከመሐሉ 30 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ፣ 30 ሴንቲሜትር ደግሞ ወደ ጎን የራቁ ናቸው እንበል። ሮቦቱ በሰከንድ 2 ሜትር ወደ ፊት እየሄደ በሰከንድ 2 ራዲያን ወደ ግራ እንዲሽከረከር ቢታዘዝ፣ የፊት ግራው ጎማ በ1.5 ሜትር ፍጥነት 23 ዲግሪ፣ የፊት ቀኙ በ2.7 ሜትር ፍጥነት 13 ዲግሪ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። የኋላዎቹ በዚያው መጠን ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። የጎማውን አንግል የሚያነበው የማግኔት ዳሳሽ ነው፤ ኤኤስ5600 የተባለው ርካሽ ቺፕ አንዱን ዙር በ4,096 ይከፍለዋል። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ ሹካው ሲዞር ሾጣጣዎቹ ኢንግራናጆች አብረው ስለሚንከባለሉ ጎማው ሳይታዘዝ ጥቂት ይሽከረከራል። ፕሮግራሙ ይህን አስልቶ ካልቀነሰ ሮቦቱ የሄደበትን ርቀት ይሳሳታል።

ጎማን በየራሱ ማዞር ከውድድር ሜዳ ውጭም ይሠራበታል። በጀርመን የተሠራው ቦኒሮብ የተባለ የእርሻ ሮቦት አራት ጎማዎቹን እንዲሁ በየራሳቸው እየነዳና እያዞረ በሰብል መደዳዎች መካከል ይሄድ ነበር። በቆሎ ለሚያመርተው የቡሬ አካባቢ ተማሪ ይህ ከውድድሩ ይልቅ የቀረበ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ስምንት ጥሩ ሞተር ከውጭ ማስመጣት ለአንድ ትምህርት ቤት ከባድ ወጪ ነው። አንድ ሞጁል ብቻ መሥራት ግን ይቻላል፤ ለማዞሪያው 12 ቮልት የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ለመማሪያ ይበቃል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያገለግል የስቴም ማዕከል አለው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አሉ። የየከተማው የሳይንስ ክበብ መምህራን ዝርጉን ለመብሳትና ሻፍቱን ለመቁረጥ የኮሌጆቹን የማሽን አሠልጣኞች ቢጠይቁ፣ አሠልጣኞቹም በር ቢከፍቱላቸው፣ የመጀመሪያው ሞጁል እዚያው ሊሠራ ይችላል።