ቱቦ ማለት «ነበረው» ነው

ሾላ ገበያ አጠገብ ስፓኒሽ ከማስተምራቸው ሰዎች አብዛኞቹ አስጎብኚዎች ናቸው። ሥራቸው ያለፈውን መተረክ ስለሆነ ኃላፊ ጊዜን ገና ከጅምሩ ይጠይቁኛል። ከደንብ የወጡት ግሦች ላይ ስንደርስ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ «ነበረው» ቱቦ፣ «መጣ» ደግሞ ቢኖ ነውና። ቢኖ ወይን ጠጅም ነው ስላቸው ሳቁ ይብሳል።

መማሪያ መጻሕፍቱ እነዚህን ግሦች የሽፍታ መንጋ አስመስለው መጨረሻ ላይ ያመጧቸዋል። እኔ ግን ከእነሱ እጀምራለሁ። ቴኔር ቱቤ፣ ፖዴር ፑዴ፣ አሴር ኢሴ፣ ቤኒር ቢኔ ይሆናሉ፤ ግንዳቸው ይለወጣል እንጂ መድረሻቸው አንድ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግንድ ሲለወጥ አይደነግጥም። «ነው»ንም «አለ»ንም በኃላፊ ጊዜ «ነበር» የሚል ሰው፣ መሄድና መሆን በስፓኒሽ ሁለቱም ፉዌ ሲሆኑ ምን ይገርመዋል?

የሚያስቸግሩት ይልቅ ደንብ የሚጠብቁት ግሦች ናቸው። አብሎ መጀመሪያው ላይ ጠንከር ሲል «እናገራለሁ»፣ መጨረሻው ላይ ጠንከር ሲል «ተናገረ» ነው፤ በእኛ ፊደል ስጽፈው ልዩነቱ ይጠፋል። ያኔ ወደ «አለ» እመልሳቸዋለሁ፤ ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል»። ፊደሉ ባያሳያቸውም ጆሯቸው ከልጅነት ጀምሮ ይለየዋል። ቱቦና ኢሶ («አደረገ») ግን ፊታቸው ላይ ስለሚጠነክሩ ይህ ወጥመድ የለባቸውም። ብዙ የሚስቱት ዲኼሮን፣ «አሉ» ላይ ነው፤ ዲኺዬሮን ይሉታል። ከኾታ ፊደል በኋላ ያቺ «ኢ» ትወድቃለች።

መድኃኒቱ ገበያው ነው። ሽንኩርት ገዝታችሁ ኑ እላቸውና ሲመለሱ አስተርካቸዋለሁ፤ ሻጯ ስንት አለች፣ እናንተስ ስንት አላችሁ፣ ሌላዋ መጥታ ምን አደረገች? አንድ የሾላ ክርክር ዲኾን፣ «አለ»ን፣ ከማንኛውም ሰንጠረዥ አብልጦ ያመላልሳል።

ኩባ የተማሩት ታላላቆቻችንም ቋንቋውን የለመዱት እንዲሁ በመነጋገር ሳይሆን አይቀርም። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ በ1970ዎቹ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ በተባለችው ደሴት ገብተው፣ ትምህርቱን ከብርቱካንና ከግሬፕፍሩት እርሻ ሥራ ጋር እያፈራረቁ አደጉ። ስፓኒሻቸው የካሪቢያን ነው፤ የቃል መጨረሻዋን «ስ» ይውጧታል፣ «ዛሬ ምን አደረግህ» ለማለትም ኢሲስቴ ይበቃቸዋል። ብዙው የስፔን ሰው ግን ቀኑ ገና ስላላለቀ አስ ኤቾ ይላል።

ተማሪዎቼ የትኛውን እንያዝ ይሉኛል። እንግዳው ከማድሪድ ከሆነ ዛሬ ጠዋት ስለጎበኛችሁት አስ ኤቾ፣ ከሃቫና ከሆነ ኢሲስቴ እላቸዋለሁ። ንጉሥ ላሊበላ ያሠራው ግን ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ነውና ለሁለቱም ኢሶ ነው።