የነርስ የመጀመሪያ ትምህርት

ብዙ ሰው የነርስነት ትምህርት መርፌ በመውጋት የሚጀመር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ባለፈው ዓመት ነርስ ትምህርት ቤት የገባችው ታላቅ እኅቴ እንደ ነገረችኝ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማሩት እጅ መታጠብን ነው። በሽታ ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው በእጅ ይተላለፋልና መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መካከልና የጥፍር ሥር ሳይቀር፣ በውሃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይታጠባል።

ቀጥሎ የልብ ትርታን መቍጠር ይመጣል። አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል፤ ስለዚህ ሌሎቹን ጣቶች በእጅ አንጓ ላይ፣ በበሽተኛው አውራ ጣት በኩል አሳርፎ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቍጠር ይገባል። ዐርፎ የተቀመጠ ጤነኛ ጐልማሳ ትርታው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ከዚያም እጁን ሳይለቁ ትንፋሹን ይቈጥራሉ፤ ሰው ትንፋሹ መቈጠሩን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣልና።

እኅቴ በመጀመሪያው ቀን ቍጥሩ ጠፋባት። አፍራ በግምት 80 ብላ ልትጽፍ ነበር። ነገር ግን እንደ ገና ብትቈጥር 112 ሆኖ አገኘችውና ወዲያው ለአስተማሪዋ ነገረች። ሐኪም የሚያዘው ነርስ የጻፈችውን አይቶ ስለ ሆነ፣ በግምት የተጻፈ ቍጥር በሽተኛውን ሊጐዳ ይችላል።

እኔም ትምህርቴን ስፈጽም በዚሁ ሙያ ለመሠማራት አስቤአለሁ። እስከዚያው ድረስ ማታ ማታ የአያቴን ትርታ እየቈጠርሁ እለማመዳለሁ። ቍጥሩ ሲጠፋብኝም፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንደ ገና ልቍጠር» እላቸዋለሁ።