ሙዝና የታሪፍ ቁጥሩ

አንድ ሸቀጥ የአገር ድንበር ሲሻገር ምን ያህል ቀረጥ እንደሚከፈልበት፣ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚጠየቅበትና በንግድ ስታቲስቲክስ ውስጥ የት እንደሚመዘገብ የሚወስነው በዲክላራሲዮኑ ላይ የሚሰፍረው የታሪፍ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚወጣው መቀመጫውን ብራስልስ ያደረገው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ከሚያስተዳድረውና ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚሠራበት ዓለም አቀፍ የሸቀጦች ምደባ ሥርዓት ሲሆን፣ ነጋዴዎችና የጉምሩክ አስተላላፊዎች ኤች ኤስ ኮድ ይሉታል። የመጀመሪያዎቹ 2 አሃዞች ምዕራፉን፣ ተከታዮቹ 2 አሃዞች በምዕራፉ ሥር ያለውን የሸቀጥ ርዕስ፣ የመጨረሻዎቹ 2 ደግሞ ንዑስ ርዕሱን ያመለክታሉ። እነዚህ 6 አሃዞች በሥርዓቱ አባል አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ አገር ለራሱ ቀረጥና ቁጥጥር የሚመቹ አሃዞችን ይጨምራል፣ ኢትዮጵያም ቁጥሩን ወደ 8 አሃዝ አድርሳ ትጠቀምበታለች።

ሙዝ የሚገኘው ለምግብነት የሚውሉ ፍራፍሬዎችና ለውዝ መሰል ፍሬዎች በተሰበሰቡበት ምዕራፍ 8፣ በርዕስ 08.03 ሥር ነው። ርዕሱ የሚበሰለውን ሙዝ፣ ማለትም ፕላንቴን የሚባለውን ጨምሮ፣ ትኩስም ሆነ የደረቀ ሙዝን ይይዛል። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ቁጥር፣ በ0803.00፣ ይመዘገቡ ነበር፤ በ2012ቱ ማሻሻያ ግን ፕላንቴን 0803.10፣ የቀረው ሙዝ ሁሉ 0803.90 ተሰጣቸው። እንሰት ከሙዝ ጋር አንድ ቤተሰብ ቢሆንም ሙሳ ከሚባለው የሙዝ ወገን ውጭ ነው፤ ቆጮና ቡላም የሚገኙት ከፍሬው ሳይሆን ከግንዱና ከሥሩ ስለሆነ ይህ ርዕስ አይመለከታቸውም።

የፕላንቴን መለየት ቀላል ቢመስልም ከምደባው ሁሉ አከራካሪው እርሱ ሳይሆን አይቀርም። የጉምሩክ ማብራሪያው ፕላንቴንን የሚገልጸው ስታርች የበዛበት፣ ከሌላው ሙዝ ያነሰ ጣፋጭነት ያለውና በአብዛኛው ተጠብሶ ወይም ተቀቅሎ የሚበላ አድርጎ ነው፤ መለኪያው እንግዲህ ከዘር ሐረጉ ይልቅ ወደ ማድ ቤቱ ያደላል ማለት ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት በበኩላቸው ፕላንቴን የሚሉት የሁለት ዱር ሙዞች ድቅል ከሆኑት መካከል የተወሰነውን ቡድን ብቻ ነው። በኡጋንዳ ማቶኬ እየተባለ ተቀቅሎ የሚበላው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሙዝ በዚህ አከፋፈል ፕላንቴን አይደለም፤ በዘር አመዳደቡ በሱፐርማርኬቶች ለሚሸጠው ካቨንዲሽ ለተባለው ጣፋጭ ሙዝ ይቀርባል። ሆኖም በአረንጓዴነቱ ተቆርጦ ወደ ድስት የሚገባ ስለሆነ፣ የላኪው አገር ባለሙያ ዘሩን፣ የተቀባዩ አገር ባለሙያ ደግሞ አጠቃቀሙን ቢከተል ለአንዱ ጭነት ሁለት ቁጥር ሊወጣለት ይችላል። እንዲህ ያለው ክርክር ከመነሳቱ በፊት አስመጪው ከጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ የቅድሚያ ውሳኔ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ዕቃው ወደብ ከደረሰ በኋላ ሙዝ የክርክር ጊዜ አይሰጥምና።

ከዓይነቱ ቀጥሎ የሚታየው ሙዙ የደረሰበት ሁኔታ ነው። በ13 ወይም በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠብቆ የሚጓዘው አረንጓዴ ሙዝም ሆነ በመድረሻው አገር በኤቲሊን ጋዝ በስሎ ቢጫ የሆነው ሁለቱም ትኩስ ናቸው፤ የቀዘቀዘ ፍሬ እንደ ትኩስ እንዲቆጠር የምዕራፉ ማስታወሻ ይደነግጋል። በረዶ እስኪሆን የቀዘቀዘው ግን ወደ 08.11 ይዛወራል፤ ተፈጭቶ ዱቄት የሆነው ምዕራፉን ለቆ 11.06 ይገባል። የደረቀ ሙዝ መልኩ እንዲያምር ጥቂት የአትክልት ዘይት ቢቀባ በ08.03 ይቆያል፤ ስስ ሆኖ ተቆርጦ በዘይት የተጠበሰው ችፕስ ግን የተዘጋጀ ምግብ ተብሎ በ20.08 ይመደባል። ተላቁጦ የለሰለሰ ሙዝን (ፒዩሬን) በተመለከተ ደንቡ ይበልጥ ይጠብቃል፦ ውሃው እንዲቀንስና እንዲወፍር ተብሎ በሙቀት የበሰለ ከሆነ ከማርማላታ ጋር በ20.07 ይገባል፣ ሙቀቱ ጀርም ለመግደል ብቻ የዋለ ከሆነ ግን አልበሰለም ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ መዳቢው ከናሙናው በተጨማሪ የፋብሪካውን የአሠራር ሰነድ ማየት ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ ልዩነት በገንዘብ ምን እንደሚያስከትል በግልጽ የሚታየው በአውሮፓ ኅብረት ገበያ ነው። ኅብረቱ ከላቲን አሜሪካ አምራቾች ጋር ለዓመታት ከተከራከረ በኋላ በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ በተደረሰው ስምምነት የትኩስ ሙዝ ቀረጥ በቶን ከ176 ዩሮ ደረጃ በደረጃ ወደ 114 ዩሮ ዝቅ ብሏል፤ እንደ ኮሎምቢያ ያሉ የተለየ ስምምነት ያላቸው አገሮች ደግሞ 75 ዩሮ ይከፍላሉ። ትኩስ ፕላንቴን ግን የሚቀረጠው በዋጋው 16 በመቶ ነው። ሁለቱ ቀረጦች የሚተካከሉት የፍሬው ዋጋ በቶን 712 ዩሮ ገደማ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በታች ባለ ዋጋ ፕላንቴን ተብሎ መመዝገብ፣ ከዚያ በላይ ባለ ዋጋ ደግሞ ሙዝ ተብሎ መመዝገብ ለአስመጪው ይጠቅማል። እንደ ኢትዮጵያ ያሉ በማደግ ላይ ካሉት ሁሉ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ሙዝ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደዚያ ገበያ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ ከአርባ ምንጭ የሚላክ ሙዝ በዚህ ዕድል የሚጠቀመው ግን የስሪት አገሩ ሲረጋገጥና ቁጥሩ በትክክል ሲሞላ ነው።

በኅብረቱ ገበያ አንድ ሌላ ምደባ መኖሩ አንዳንዴ ያደናግራል። ያልበሰለ አረንጓዴ ሙዝ ቢያንስ 14 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 27 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው፣ ልዩ፣ አንደኛና ሁለተኛ እየተባለም በደረጃ እንዲለይ የሚያዝዘው ደንብ የጥራት እንጂ የቀረጥ አይደለም፤ ደረጃው የታሪፍ ቁጥሩን አይለውጠውም፣ ፕላንቴንንም አይመለከትም።

ቀረጡ በክብደት ስለሚሰላ ምደባው ካለቀ በኋላ ሚዛኑ ይከተላል። ሙዝ በንግድ ልማድ የሚታሸገው የተጣራ ክብደታቸው 18.14 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 40 ፓውንድ፣ ተብሎ በሚታሰብ ሣጥኖች ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ውሃ ስለሚተንና አሻጊዎችም ጉድለትን ለማካካስ ጥቂት ስለሚጨምሩ ትክክለኛው ክብደት ከዚህ ይለያያል። ስለዚህ ኅብረቱ በታወቀ ቁጥር የተገመተን ክብደት አይቀበልም፤ ፈቃድ ያለው መዛኝ ከጭነቱ የተመረጡ ሣጥኖችን መዝኖ የሚያወጣው የሙዝ ክብደት ምስክር ወረቀት ከዲክላራሲዮኑ ጋር እንዲቀርብ ያዛል።