አልዩ አምባና የነጋዴ መንገድ

የአንድ መንደር ሕዝብ በምን ምክንያት እንደሚበዛ፥ በምንስ ምክንያት እንደሚያንስ ለማወቅ የሚወድ ሰው ከእርሻው ስፋት አስቀድሞ መንገዱን ቢመረምር ይሻለዋል። ለዚህም በሰሜን ሸዋ ከአንኮበር በታች በስተ ምሥራቅ የምትገኘው አልዩ አምባ መልካም ምሳሌ ናት።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ ይኸውም ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.፥ የሸዋ ቤተ መንግሥት በአንኮበር ሳለ፥ ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ የሚያቋርጠው ሲራራ ነጋዴ ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህች መንደር በኩል ነበረ። ግመል የቆላ እንስሳ ነውና ጭነቱ በግርጌው በፋሬ ይራገፋል፤ ከዚያ ወዲያ ዳገቱን የሚወጣው በአህያ፥ በበቅሎና በሰው ትከሻ ነበረ። ጭነት ከእንስሳ ወደ እንስሳ በሚዛወርበት አገር ደግሞ ማደሪያ የሚሰጥ፥ ስንቅ የሚሸጥ፥ አህያ የሚያከራይ፥ የሚያስተረጉምም ሰው አይታጣም። አልዩ አምባን ከተራ የገበሬ መንደር ለይቶ ያስፋፋት ይህ ነው።

ዓርብ ዓርብ በሚቆመው ገበያዋ ከአሳል ሐይቅ ጨው የሚያመጣው አፋር፥ ቡናና ጨርቅ የሚነግደው ሐረሪ፥ ሸማኔውና ነጋዴው አርጎባ፥ ከደጋ እህል ይዞ የሚወርደው አማራ ይገናኙ ነበር። ከሐረር የመጡ ነጋዴዎች በመንደሪቱ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። የምሥራቁን ወሰን የሚጠብቀውም ወላስማ መሐመድ ነበረ። ከባሕር ጠረፍ እስከ ሸዋ ያለው ጉዞ ብዙ ሳምንት የሚፈጅ ስለ ነበረ፥ ባል በመንገድ ሳለ ቤቱን፥ ልጆቹንና ዕዳውን የምታስተዳድረው ሚስት እንደ ነበረች ለመገመት አያዳግትም።

ነገር ግን የመንደሪቱን ብልጽግና ስናወሳ በአጠገቧ በአብዱል ረሱል ይደረግ የነበረውን የባሪያ ንግድ መዝለል አይገባም። ከእናት ከአባታቸው የተለዩ ልጆች ወደ ባሕር የተነዱት ቡናና ጨው በሚመላለስበት በዚያው መንገድ ነው። መንገድ የሚያመጣው ሁሉ በጎ አይደለም።

የእንግሊዝ መንግሥት መልክተኛ ሻለቃ ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. በዚህ በኩል ወጥቶ በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የንግድ ውል ተዋዋለ። ከእርሱም በኋላ ቻርልስ ጆንስተን የሚባል ሐኪም በአልዩ አምባ ብዙ ወራት ተቀምጦ፥ ራሱ ታሞ ሳለ ስንኳ፥ የሕዝቡን አኗኗር በመጽሐፍ ጽፏል። ቤተ መንግሥትን ብቻ አይቶ ከተመለሰ መንገደኛ ይልቅ በመንደር ቤት የኖረ ሰው የጻፈው የበለጠ ይጠቅመናል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፥ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላም ወደዚያ አዛወሩ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በታጁራ በረሓ ሲጓዝ የነበረው ዕቃ በሐዲድ መጓዝ ጀመረ፤ ኢፋትንም በሩቁ አለፋት። የሚያስገርመው፥ ድሬዳዋን የወለዳት ምክንያት አልዩ አምባን ካስፋፋት ጋር አንድ መሆኑ ነው፤ ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልተቻለው ከግርጌው ቆመ፥ በቆመበትም ከተማ በቀለ። በአንዱ ስፍራ ግመል፥ በሌላው ስፍራ ባቡር በዳገት ተሸንፈው ሕዝብ ሰበሰቡ።

አልዩ አምባ ግን አልጠፋችም። ዛሬ በአንኮበር ወረዳ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት፤ በአካባቢዋም የአርጎባ ሸማኔዎች ጥበብ እስከ ዛሬ ይታወቃል። ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመንደሪቱ ወደ አንኮበር የሚወጣው ግን ያው የጥንቱ ዳገት ነው። አሁን መኪና ስለሚሄድበት የአህያ ኪራይ ገቢ አይመለስም፤ ዳሩ ግን ሸማኔው ሸማውን ወደ ደጋ ገበያ፥ ቤተ ሰብም በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው በዚሁ ዳገት ስለ ሆነ፥ የክረምት ጐርፍ መንገዱን በቈረጠው ጊዜ ሁሉ የሚጐዳው የእያንዳንዱ ቤት ኑሮ ነው።