ምዕራፍ ስድስት፦ የሚያፈሰውን ጣሪያ ማን ይጠግን?

በወላይታ ሶዶ ብዙ ተከራይ የሚኖረው ከአከራዩ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ በተሠራው ሰርቪስ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል አለ፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ የውሃው ቧንቧና ሽንት ቤቱ የጋራ ናቸው። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሚከራይ ክፍል የሚፈልገው ሰው እየበዛ መጣ። ከተማዋ በ2015 የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ስትሆን ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው ተጨመረበት። ቤት ፈላጊ ሲበዛ የሚያፈሰውም ቤት ሰው አያጣም። አከራዩን ለጥገና የሚያስቸኩለው ነገር የለም፤ ተከራዩም «ካልተመቸህ ልቀቅ» እንዳይባል ዝም ይላል። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ያ ዝምታ በሕግ ፊት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማሳየት ነው።

አንዲት መምህርት በሶዶ አንድ ክፍል ተከራይታለች እንበል። በሰኔ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ጉዳቱ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ነው፦ በቆርቆሮው ሚስማር ላይ ያለው ላስቲክ በፀሐይ ደርቆ ተሰንጥቋል። ውሃው በሚስማሩ ቀዳዳ ይገባና እንጨቱን ተከትሎ ወርዶ ከማዳበሪያ በተሠራው ኮርኒስ ላይ ይጠራቀማል። ኮርኒሱ ሆዱ ተነፍቶ ይንጠለጠላል፤ አንድ ሌሊት ይቀደድና ፍራሹን፣ የተማሪዎቹን ደብተር፣ የእህሉን ጆንያ ያረጥባል። እርጥበቱ በግድግዳው ከቀጠለ ደግሞ ጭቃው ይላላል፣ የቋሚው ሥር ለምስጥ ይመቻል። በሰኔ ጥቂት ሚስማርና የአናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃው የነበረው ነገር በመስከረም ግድግዳ ማደስ ይሆናል።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚለው ግልጽ ነው። በ1952 የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2945 ጀምሮ ስለ ቤት ኪራይ በተለይ ይናገራል። አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ በሚመች ሁኔታ ማስረከብ አለበት፤ ውሉ ጸንቶ ባለበት ዘመን ሁሉ ቤቱን በደህና ሁኔታ የመጠበቅና አስፈላጊውን ጥገና የማድረግ ግዴታም የእርሱ ነው። ተከራዩ ወጪውን የሚችለው ጥገና ውሉ በስሙ ያስቀመጠው ነው። ውሉ ዝም ካለ የበር፣ የመስኮት፣ የወለል፣ የቧንቧ መክፈቻና የመሳሰለው በየዕለቱ አገልግሎት የሚበላሽ ነገር በእርሱ ላይ ይወድቃል። ያም ቢሆን ብልሽቱ የመጣው ከዕቃው እርጅና ወይም ከአቅም በላይ ከሆነ ነገር ከሆነ ወጪው ወደ አከራዩ ይመለሳል። ሃያ ዓመት የቆየ የበር ማጠፊያ ወልቆ ቢወድቅ ተከራዩ ሰበረው አይባልም።

ጣሪያና ግድግዳ ስለዚህ የአከራዩ ናቸው። «እኔ አከራየሁ እንጂ ላድስልሽ አልተዋዋልኩም» የሚለው መልስ በግቢ ውስጥ የተለመደ ነው፤ በፍርድ ቤት ግን አያስኬድም። ውሉ በቃል ብቻ የተደረገ ቢሆንም እንኳ ይህ ግዴታ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቤት ኪራይ ውል የግድ በጽሑፍ ይሁን ስለማይል ውሉ መኖሩ በምስክር፣ በደረሰኝ፣ በባንክ ክፍያ ማስረጃ ሊረጋገጥ ይችላል።

ብዙ ተከራይ የሚሰናከለው ከዚህ ቀጥሎ ባለው እርምጃ ላይ ነው። አከራዩን አሥር ጊዜ በቃል ለምኖ ሲሰለቸው ኪራዩን መክፈል ያቆማል፤ ወይም አናጢ ጠርቶ ያሠራና ወጪውን ከኪራዩ ይቀንሳል። ሁለቱም ፍትሐዊ ይመስላሉ፣ ሁለቱም አደገኛ ናቸው። አንዱ ወገን ግዴታውን ካልፈጸመ ሌላው የራሱን ሊይዝ የሚችልበት መርሕ በውል ሕግ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን የሚያንጠባጥብ ጣሪያ ሙሉ ኪራይን ለመያዝ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን የሚወስነው ዳኛ ነው። ዳኛው አይበቃም ካለ መምህርቷ ኪራይ ያልከፈለች ተከራይ ሆና ትገኛለች፤ አከራዩም ውሉን የሚያሰርዝበት ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

ሕጉ የዘረጋው መንገድ በማስጠንቀቂያ ይጀምራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 እንደሚለው ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ በማስጠንቀቂያውም ተገቢ የሆነ ጊዜ ሊወስን ይችላል። ጠበቃ አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ለጋሽ እገሌ፤ ከእርስዎ በተከራየሁት ክፍል ጣሪያው ከሰኔ 5 ቀን ጀምሮ በሁለት ቦታ ያፈሳል፤ ኮርኒሱም ተቀድዷል። በሰኔ 9 እና በሰኔ 14 በቃል አሳውቄዎታለሁ። ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን አንስቶ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲያስጠግኑልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ካልተጠገነ መብቴን በሕግ ለመጠየቅ እገደዳለሁ።»

በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አከራዩ አንዱን ይቀበል፣ በሌላው ላይ ይፈርም። አልፈርምም ካለ ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት ሰጥቶ ስማቸውንና ፊርማቸውን ማስፈር ነው። «ጋሼ» እያለች ቡና አብራው የምትጠጣ ተከራይ ይህን ማድረግ እንደሚከብዳት አውቃለሁ፤ ወረቀት የጠብ መጀመሪያ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሠፈር ሽማግሌ ማስገባት መልካም ነው፣ በወላይታም ብዙ ጉዳይ በዚያ ያልቃል። ሽማግሌዎቹ የተስማሙበትን ቀንና ሥራ ግን በወረቀት ያስፍሩት፣ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። ወረቀቱ በኋላ ማስጠንቀቂያ ስለመሰጠቱ ማስረጃ ይሆናል።

ከደብዳቤው ጎን ለጎን ማስረጃ ይሰብሰብ። የጉዳቱን ፎቶ ቀኑ በሚታይበት መንገድ ማንሳት፣ ከአናጢ ወይም ከግንበኛ የዋጋ ግምት በጽሑፍ መቀበል፣ የተበላሸውን ዕቃ ዝርዝር መያዝ ይጠቅማል። ሕጉ ተጎጂውም ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚቻለውን እንዲያደርግ ይጠብቅበታል። ፍራሹን ከሚያፈስበት ቦታ ሳታነሳ ቆይታ በኋላ ካሳ የምትጠይቅ ተከራይ የካሳው መጠን ሊቀነስባት ይችላል።

የተሰጠው ጊዜ ካለፈ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። የሚጠየቀው አከራዩ እንዲጠግን ማስገደድ፣ ውሉን ማሰረዝ፣ ከዚሁ ጋርም ለደረሰው ጉዳት ካሳ ሊሆን ይችላል። ለተከራይ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን አንቀጽ 1777 ይመስለኛል። በዚህ አንቀጽ መሠረት ፍርድ ቤቱ ተከራይዋ ጥገናውን ራሷ አሠርታ ወጪውን ከአከራዩ እንድታገኝ ሊፈቅድላት ይችላል። በራሷ ሥልጣን ብታደርገው ኖሮ የሚያስከስሳት ነገር በፈቃድ ሲሆን መብት ይሆናል። ጉዳቱ ከዕቃ አልፎ ሰው ላይ ከደረሰ፣ ለምሳሌ የላላው ግድግዳ ልጅ ላይ ቢወድቅ፣ አንቀጽ 2077 የሕንፃውን ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። ይህን አንቀጽ የሰማ አከራይ ግድግዳውን በሌላ ዓይን ያያል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ መብት ግን አንድ ቀዳዳ አለው። የጊዜ ገደብ የሌለው ውል አከራዩ በማስጠንቀቂያ ሊያቋርጠው ይችላል። ስለ ጣሪያው የጻፈች ተከራይ በምላሹ «ቤቱን ለዘመድ ስለምፈልገው ልቀቂ» የሚል ማስታወቂያ ሊደርሳት ይችላል፤ ያኔ የጥገና መብቷ በወረቀት ላይ ይቀራል። ተከራይን ዝም የሚያሰኘውም በዋናነት ይህ ነው፤ ፍርሃቱ መሠረት አለው።

ለዚህ ነው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለጥገናም ጉዳይ ትልቅ ትርጉም ያለው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ያጸደቀው ይህ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት ያነሰ አይሁን ይላል፤ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሁለት ዓመት የተረጋገጠላት ተከራይ ደብዳቤ ለመጻፍ አትፈራም። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ስለሆነ፣ በሶዶ፣ በቦዲቲ ወይም በአረካ የሚከራይ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት በከተማው ቤቶች ጉዳይ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት «ውሉን የት አስመዘግባለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ምዝገባው ባይኖር እንኳ ሁለት ዓመት የሚል ውል በስምምነት መፈረም የሚከለክለው ማንም የለም። በውሉ ላይ «የጣሪያ፣ የግድግዳና የፍሳሽ ጥገና የአከራይ ነው» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ደግሞ ከኋላ ክርክር ያድናል። ደላላው የሚያቀርበውን የታተመ ቅጽ ሳያነቡ መፈረም ግን አይገባም፤ «ማንኛውም ጥገና በተከራይ ይሸፈናል» የሚል ሐረግ በውስጡ ሊኖር ይችላል፣ ፈርመው ከተቀበሉት በኋላ ማስቀየሩ ከባድ ነው።

የቀበሌ ቤት ተከራዮች ጉዳይ ለየት ይላል። በ1967 በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሱት ቤቶች ኪራይ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ቀበሌው የማደሻ ገንዘብ የለኝም ይላል፤ ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ላድስ ቢል ደግሞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። እዚህ የሚሻለው የማደሻ ፈቃዱን በጽሑፍ መጠየቅና የተፈቀደውን ሥራ ዝርዝር በፋይል ማኖር ነው።

የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት በደሃ ደንብ ክስ ማቅረብ ይችላል፤ ለዚህ አቅም እንደሌለው የሚያስረዳ ማስረጃ ከቀበሌው ይዞ ይቀርባል። ክስ መጻፍ የማይችል ደግሞ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍል የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ። ሲሄድ የፈረመውን ውል፣ የኪራይ ደረሰኞቹን፣ ለአከራዩ የሰጠውን ደብዳቤ ቅጂና የጣሪያውን ፎቶ ይያዝ።